ቁጥር የሌለው ምግብ

አምቦ፣ መስከረም 23 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለአባዬ እህት ለአዳዳ ፍቅርተ፤ የዱባይ ሙቀት ይቅለልሽ፣ የማዳምሽ ልብ ይራራልሽ፣ እመቤቴ ከፊት ከኋላሽ ትሁን። እኛም ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፣ ግን እኔ ደህና አይደለሁም አዳዳ፣ ገና በመጀመሪያው መስመር አልዋሽሽም።

አርብ አርብ ስትደውዪ አባዬ ስልኩን ከጆሮው አያነሳውም፣ ሲሰጠኝም አጠገቤ ቆሞ ይሰማል፣ ማዳምሽ የምትፈቅድልሽ አስር ደቂቃም ወዲያው ታልቃለች፣ ስለዚህ ምንም ሳልነግርሽ ቆየሁ። ይሄን ወረቀት ለደስታነሽ ሰጥቻታለሁ፣ ያቺ የጊንጪዋ ነጋዴ፣ ልብስ ለማምጣት ዱባይ የምትመላለሰዋ፣ ቆሻሻ ልትደፊ በሩን ስትከፍቺ ጠብቃ ትሰጥሻለች። አባዬ እንዳይሰማ። ጽሑፌንም አትሳቂበት፣ ስድስተኛ ላይ እንዳቆምኩ ታውቂያለሽ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጤና ጣቢያ የሄድኩት ለጉንፋን ነበር። ሲስተር ዱሬቲ የምትባል ነርስ አለች፣ እማዬ በታመመች ጊዜ ቁስሏን ታጥብላት የነበረችው፣ አየችኝና "አንቺ የዓለሚቱ ልጅ አይደለሽም? ነዪ እስቲ ሚዛን ላይ ውጪ" አለችኝ። ወጣሁ። ሰማንያ አራት ኪሎ። "ነገ ቁርስ ሳትበዪ ነዪ" አለችኝ፣ ሄድኩ፣ ጣቴን ወጋችኝ፣ መቶ አስራ ስምንት አለ መሣሪያው። "ስኳር ገና አልያዘሽም፣ ግን በሩ ላይ ቆመሻል። ክብደት ቀንሺ፣ ከሦስት ወር በኋላ ነዪ" አለችኝ። ከዛ በኋላ ስለ ምግብ ብዙ ነገር ነገረችኝ፣ ግን አንዱንም አልሰማሁ፣ ዓይኔ ላይ የመጣው የእማዬ እግር ብቻ ነው። መጀመሪያ አውራ ጣቷን ቆረጡ፣ ከዛ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ፣ ከዛ ጉልበቷ ድረስ፣ ከዛ እሷም ሄደች።

ሃያ አንድ ዓመቴ ነው አዳዳ። እግሬን እያየሁ ነው የምውለው። ጫማዬን አውልቄ ጣቶቼን አንድ በአንድ እነካለሁ፣ ይሰማኛል ወይ እያልኩ። ሥራዬም መቀመጥ ነው፣ መናኸሪያው ጋ የኦቦ ተሬፋ ሱቅ፣ ጠዋት እቀመጣለሁ፣ ሲመሽ እነሳለሁ። ባለፈው ባጃጅ ልገባ ስል ሹፌሩ "እህት፣ አንድ ሰው ነሽ ወይስ የሁለት ሰው ትከፍያለሽ?" አለኝ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ፣ ከዛ ወርጄ በእግሬ እያለቀስኩ ሄድኩ።

እዛ በሻይ የሚጠጣ የሚያከሳ ዱቄት አለ አሉ፣ ደስታነሽ በዓይኔ አይቻለሁ ብላኛለች። እሱን ላኪልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም፣ ጫማ አልፈልግም፣ ልብስ አልፈልግም፣ እሱን ብቻ። ቶሎ በይ።

ያሳደግሽኝ ልጅሽ፣ ምኞት ዲንሳ


ዱባይ፣ ኅዳር 9 ቀን 2011

ለወንድሜ ልጅ ለምኞት፤ ጤናሽን ከላይ ያለው ይጠብቅልሽ፣ አንቺ አልጠበቅሽውምና።

ወረቀትሽ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት አልፎታል። ልጽፍልሽ እቀመጥና እጄ ይንቀጠቀጣል፣ በንዴት ነው። ሰማንያ አራት ኪሎ! እኔ ስሄድ እኮ ቀሚስሽን በመርፌ እያጠበብኩ ነበር የማለብስሽ። ማን ነው እንዲህ ያደረገሽ? ሥራዬ መቀመጥ ነው ትያለሽ፣ ኦቦ ተሬፋ ሱቅ ውስጥ ቁጭ በይ አለ እንጂ ሱቁን ዋጪ አለሽ? እናትሽን በእጅሽ ገንዘሽ ቀብረሽ እንዴት ለአፍሽ ልጓም አታበጂም?

ዱቄት የምትዪውን ደግሞ ሁለተኛ እንዳትጠሪብኝ። ጎረቤት ቤት የምትሠራ አንዲት ፊሊፒናዊት አለች፣ እሱን ጠጥታ ልቧ ሊቆም ነበር፣ በአምቡላንስ ነው የወሰዷት። እንደዛ መሆን ካማረሽ ሌላ አክስት ፈልጊ።

አሁን የምነግርሽን በደንብ አንብቢ። ማዳም ሁሉን ነገር ትመዝናለች። ዳቦውን፣ ሩዙን፣ አንዲት ቴምር ሳትቀር። ምግብ ሁሉ ቁጥር አለው፣ ካሎሪ ይባላል፣ እሽጉን ስትገለብጪው ጀርባው ላይ ተጽፏል። በቀን ሺህ ሁለት መቶ። ከዛ አንዲትም አታልፊም። የፈለግሽውን ብዪ፣ ቁጥሩ ግን አይለፍ፣ ቁጥር እንደ ሰው አይዋሽም። ማዳም በዚህ ነው እንደ ክር የቀጠነችው። መጀመሪያ ሆድሽ ይጮሃል፣ ከዛ ዝም ይላል፣ ሰው ይለምደዋል። አውቃለሁ ስልሽ እመኚኝ።

ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን ልኬልሻለሁ፣ ማዳም አዲስ ስትገዛ የጣለችው ነው፣ ይሠራል። ደብተርም አለበት። በአፍሽ ያስገባሽውን ሁሉ ጻፊበት፣ ደስታነሽ በተመላለሰች ቁጥር ድምሩን ላኪልኝ። እንዳትዋሺኝ። ሴት ልጅ የለኝም፣ ያለሽኝ አንቺ ነሽ፣ የእናትሽን ለቅሶ በስልክ ሰምቻለሁ፣ የአንቺን አልሰማም።

ደግሞ ለመስቀል ምን በላችሁ? ወንድሜ ጩምቦውን፣ ያን ወፍራም ቂጣ፣ አስጋገረ? ቅቤው ላዩ ላይ ሞልቶ ይፈስ ነበር ወይስ እንደነገሩ ነው የተቀባው? አይቡስ? ማን ነው የጋገረው? ዘርዝረሽ ጻፊልኝ። እንዲያው ለማወቅ ነው።

አክስትሽ ፍቅርተ


አምቦ፣ ጥር 16 ቀን 2011

ለአዳዳ ፍቅርተ፤ ጥምቀቱ ባለሽበት የተባረከ ይሁንልሽ፣ ቁጣሽም እንደ ጸበል ተረጭቶብኛል፣ ይኸው ታዝዣለሁ።

ሚዛኑ በሰላም ደረሰ። የደረሰ ዕለት እንጀራ አጥፌ ላዩ ላይ አስቀመጥኩ፣ ግራሙን ነገረኝ፣ ካሎሪውን ግን አልነገረኝም። ገለበጥኩት፣ አዳዳ፣ እንጀራ ጀርባው ላይ ምንም የለም። ሽሮም ጀርባ የለውም። ምስር ከጆንያ ነው የሚሰፈረው፣ ጆንያው ላይ የተጻፈው የነጋዴው ስም ብቻ ነው። ጎመኑን ከጓሮ ነው የምንቆርጠው፣ እሱ ላይ ማን ይጽፋል? አባዬን ጠየቅኩት፣

"አባዬ፣ የእንጀራ ቁጥሩ ስንት ነው?"

"የምን ቁጥር?"

"የአንድ እንጀራ።"

"አንድ ነዋ። ካነሰሽ ሁለት።"

በቃ፣ ቁጥር የሌለውን ነገር ሁሉ ተውኩት፣ አለፍኩ አላለፍኩ እያልኩ ከምሰቃይ። ቁጥር ያለውማ የት ሄዶ፣ እኔ በምቀመጥበት መደርደሪያ ሙሉ ነው! ጠዋት ክሬም ያለው ብስኩት፣ ሁለት መቶ አርባ። ምሳ እሱኑ፣ ሁለት መቶ አርባ። ከሰዓት ቺፕስ፣ ሁለት መቶ አስር። በመሀል ሁለት የፕላስቲክ ለስላሳ፣ ሁለት መቶ ስልሳ። ማታ ዋፈር፣ ሁለት መቶ ሃምሳ። ደምሪው፣ ልክ ሺህ ሁለት መቶ ነው፣ አንዲት አላለፈችም፣ ሁለት ወር ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አላለፈችም። ኦቦ ተሬፋ "ልጄ፣ ቤት ምግብ አይሠራም እንዴ?" ይለኛል፣ "ታዝዤ ነው" እለዋለሁ። የተሰባበረውን ብስኩት ለኔ ያስቀምጥልኛል። የተሰባበረ ቁጥሩ ያው ነው አይደል? እሱን ንገሪኝ፣ ፈርቼ ሙሉውን እየጻፍኩ ነው።

አሁን ሰባ ሰባት ኪሎ ነኝ! ሰባት ኪሎ ሄደ። ያ የባጃጅ ሹፌር እንኳ "የት ጠፋሽ?" አለኝ። ግን አዳዳ ራሴን ያዞረኛል፣ ስነሳ ሱቁ ይሽከረከራል፣ ጸጉሬ በማበጠሪያው ይመጣል፣ ደግሞ በልቼ ሳልጨርስ ይርበኛል፣ ሆድ ዝም ይላል ብለሽኝ ነበር፣ የኔ እየባሰበት ነው። ሲስተር ዱሬቲ ያለችኝ ሦስት ወርም አልፏል፣ ጣቴን የምትወጋውን ነገር ፈርቼ፣ ሰባ ስገባ እሄዳለሁ ብዬ ተውኩት። ደህና ነኝ አይደል? ኪሎዬ እየቀነሰ አይደል?

ጩምቦው ለመስቀል ተጋግሮ ነበር፣ ቅቤ ነበረው፣ አይብም ነበረው። ያኔ ሚዛኑ ስላልመጣ በልቻለሁ። ለገናና ለጥምቀት ግን ምንም አልቀመስኩም፣ ሰው ሲበላ እኔ ብስኩቴን ይዤ ጥግ ተቀመጥኩ፣ ጎረቤት "ታማለች እንዴ?" አለ።

ታዛዥ ልጅሽ፣ ምኞት


ዱባይ፣ የካቲት 12 ቀን 2011

ለምኞት፤ ታዛዥ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይባርክሽ፣ ግን ገና ነሽ።

ሰባት ኪሎ ጥሩ ነው። ሰባ ሰባት ግን ጥሩ አይደለም። ከእንግዲህ ወደ ሺህ አውርጂው። ሁለት መቶዋን ከየት እንደምትቀንሺ አንቺ ታውቂያለሽ፣ ዋፈሩን ተይው። የተሰባበረም ቁጥሩ ያው ነው፣ እንደዚህ ዓይነት ጥያቄ እየጻፍሽ ቀለም አትጨርሺ።

ማዞሩ ያልፋል። ሲመጣ ግድግዳ ያዢ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ እስከ ሃያ ቁጠሪ፣ ውሃ ጠጪ፣ ያልፋል። ለጸጉሩ ሻሽ እሰሪ። ከመኝታ ስትነሺ መጀመሪያ በጎንሽ ዞረሽ ነው እንጂ ብድግ እንዳትዪ። እንደ ሕፃን ሁሉን መንገር አለብኝ?

ስለ ጩምቦው ዘርዝረሽ ጻፊልኝ ብዬ ለምኜሽ፣ ቅቤ ነበረው አይብም ነበረው ብለሽ ጨረስሽው። ይሄ ነው ዝርዝር? ስለ ብስኩት ገጽ ሙሉ ጽፈሽ? ለስለስ ያለ ነበር ወይስ ደረቅ? ትኩሱን ነው የቆረሳችሁት? ማን አጎረሰ? አንድ ነገር ብጠይቅ እንኳ ቃሌ የማይሰማ ሆኛለሁ ማለት ነው።

ቤት ውስጥ በሶ አለ? ዘንድሮ ገብሱ እንዴት ነበር? እንዲያው ነው የጠየቅኩሽ።

ፍቅርተ


አምቦ፣ መጋቢት 6 ቀን 2011

ለአዳዳ ፍቅርተ፤ ምርቃቱን ዛሬ አሳጥረዋለሁ፣ ጤና ይስጥሽ፣ አንቺ የሰጠሽኝ ግን ጤና አልነበረም።

ወደቅኩ። ሰምተሻል? ለአንዲት ሴትዮ ግማሽ ኪሎ ስኳር እየመዘንኩ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ግድግዳ ያዝኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ እንዳልሽኝ ቆጠርኩ፣ አስራ አራት ላይ ስደርስ መሬት ላይ ነኝ፣ ስኳሩም ላዬ ላይ። ኦቦ ተሬፋ "ያ ዋቃ! ልጅቷ ሞተች!" እያለ ተሸክሞ አወጣኝ፣ ባጃጅ አስቆመ፣ ማን ቢሆን ጥሩ ነው፣ ያ የሁለት ሰው ትከፍያለሽ ያለኝ ሹፌር። ያን ቀን አልቀለደም። "ይቺ ልጅ ምን ነክቷት ነው ላባ ያከለችው?" ሲል ሰማሁት።

ሲስተር ዱሬቲ ሚዛን ላይ አወጣችኝ፣ ሰባ ሦስት። እኔ ሞኟ ደስ አለኝ! ወድቄ ተነስቼ ደስ አለኝ! ደብተሬን አውጥቼ በኩራት ሰጠኋት። ገጽ በገጽ አየችው።

"ይሄ ምንድነው? የሱቁ መዝገብ ነው?"

"ምግቤ ነው።"

"አየሁት፣ ብስኩት፣ ለስላሳ፣ ቺፕስ። ምግብሽ የታለ?"

"ይሄ ነው ምግቤ። ሌላው ቁጥር የለውም።"

ደብተሩን አልጋው ላይ ወረወረችው። ጣቴን ወጋችኝ፣ በማግስቱም ቁርስ ሳልበላ ደግማ ወጋችኝ። መቶ ሃያ አንድ! አስራ አንድ ኪሎ ወርጄ ስኳሬ ወጣ አዳዳ! ደሜም አንሷል። "የቀለጠው ጡንቻሽ ነው" አለችኝ፣ "ሥጋሽን ጨርሰሽ ስኳሩን አስቀመጥሽው።" እኔ ማልቀስ ጀመርኩ፣ እሷ ደግሞ እየተቆጣች ማስረዳት ጀመረች፣ እኔ በገባኝ መጠን እነግርሻለሁ፣ አንቺም ይግባሽ። ሁለት መቶ አርባ ብስኩትና ሁለት መቶ አርባ ምስር ወረቀት ላይ እኩል ነው። ደም ውስጥ ሲገባ ግን እኩል አይደለም። ብስኩቱና ለስላሳው እንደገባ ስኳር ሆኖ ይሮጣል፣ ከዛ ድንገት ባዶ ያደርግሻል፣ ለዛ ነው በልቼ ሳልጨርስ የሚርበኝ። ምስሩ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ይዞሽ ይውላል፣ ሰውነትም ይሠራል።

"መብዛቱስ ችግር የለውም?" አልኳት።

"አለው እንጂ። ድሮ በአንዴ ስንት እንጀራ ነበር የምትበዪው?"

"...ሦስት። አንዳንዴ አራት።"

"አንድ ተኩል። ጎመኑና ምስሩ ይብዛ፣ እንጀራው ይነስ። ለስላሳ የሚባል ነገር ከአፍሽ እንዳይደርስ። ሥራ ስትሄጂና ስትመለሺ በእግርሽ። ለዚህ ሚዛን አያስፈልግሽም፣ ደብተርም አያስፈልግሽም። መስከረም ላይ ይሄንኑ ቃል በቃል ነግሬሽ ነበር እኮ!"

ነግራኝ ነበር! እኔ የእማዬን እግር እያየሁ አልሰማኋትም፣ ካንቺ የመጣውን ግን ዱባይ ስለሆንሽ፣ በሚዛን ስለሆነ፣ በቁጥር ስለሆነ፣ እንደ ወንጌል ያዝኩት። በራሴም ተናድጃለሁ። ባንቺ ግን የበለጠ ተናድጃለሁ። ማዞሩ ያልፋል አልሽኝ። ሻሽ እሰሪ አልሽኝ! ጸጉሬ ሲረግፍ ሻሽ እሰሪ ይባላል? ስኳርሽ እንዴት ሆነ ብለሽ አንድ ቀን ሳትጠይቂኝ ስለ ጩምቦ ቅቤ ትቆጪኛለሽ?

ሁዳዴ ገብቷል። እጄ ለምዶ ብስኩቱን ልከፍት ስል ጀርባው ላይ ወተት አለበት ይላል። ሦስት ወር ሙሉ ያን ጀርባ ሳነብ ቁጥሩን ብቻ ነበር የማየው፣ ከቁጥሩ በላይ ውስጡ ምን እንዳለ ተጽፎ ነበር፣ ዓይኔ አላረፈበትም፣ ግማሹ ስኳር ነው! ስለዚህ በሶ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ሽሮ፣ ባቄላ። ቁጥር የሌለውን ሁሉ እየበላሁ ነው። ሚዛኑን ለኦቦ ተሬፋ ሰጥቼዋለሁ፣ በርበሬ ይመዝንበታል።

አንድ ጥያቄ አለኝ፣ እሱን መልሺልኝ። ሺህ ሁለት መቶ ያለሽ ማን ነው? ሐኪም ነው? ማን ነው?

ምኞት


ዱባይ፣ ሚያዝያ 29 ቀን 2011

ለምኞት፤ የፋሲካው ብርሃን ቤታችሁን ይሙላው። እሰይ፣ ተናገርሽኝ።

እናትሽ ስትሞት ባሕር ማዶ ሆኜ እንዳለቀስኩ አንቺም እንዳትሄጂብኝ ብዬ የምችለውን አደረግኩ። አሁን ገዳይ ሆንኩ። ነርሷ አዋቂ፣ እኔ መሃይም። ይሁን። ብስኩት ብዪ ብዬሻለሁ? ቁጥሩን ጠብቂ አልኩ እንጂ ሱቅ ውስጥ ገብተሽ ከረሜላ ብዪ አልኩሽ?

ማን ነው ያለሽ ትያለሽ። ማንም ይበል። እኔ በዛ ቁጥር ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ፣ ይኸው አልሞትኩም፣ ሥራዬን እሠራለሁ፣ ደረጃ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። ይሄን ጥያቄ ሁለተኛ እንዳትጠይቂኝ። ለአባትሽም እንዳታነሺበት።

ጽሑፌ ከተጣመመ አትፍረጂ፣ እጄ ዛሬም ይንቀጠቀጣል፣ በንዴት ነው።

ደስታነሽ ስትመለስ ካላስቸገረሽ ትንሽ በሶ ስጫት። አንዲት የሻይ ብርጭቆ የምታህል ትበቃኛለች። ካልተመቸሽ ተይው።

ፍቅርተ


አምቦ፣ ግንቦት 19 ቀን 2011

ለአዳዳዬ፤ የሚመርቅሽ አፌ ዛሬ ሊሳደብ ነው የተከፈተው፣ እግዚአብሔር ሁለቱንም አንድ ላይ ይቀበልልኝ።

ደስታነሽ ሱቅ መጣች። ወረቀትሽን ሰጠችኝና አልሄደችም፣ የብስኩት ካርቶን ላይ ቁጭ አለች።

"አክስትሽን ፊት ለፊት አይቻት አላወቅኳትም" አለችኝ።

"እንዴት አላወቅሻትም? ስንት ጊዜ ተገናኝታችኋል!"

"ሁልጊዜ እኮ ወረቀቱን በበሩ ክፍተት ተቀብላ ትዘጋለች፣ እጇን ነው የማውቀው። አሁን ቆሻሻው ከብዷት በር ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ቀሚሷ ሌላ ሰው የሚያስገባ ነው። 'ፍቅርተን ጥሪልኝ' አልኳት እኮ፣ ለራሷ!"

ከዛ ያቺ የጎረቤት ፊሊፒናዊት የነገረቻትን ነገረችኝ። ማዳም ፍሪጁን ትቆልፋለች። ማዳም የምትመዝነው የራሷን ብቻ አይደለም። ጠዋት ጠዋት ያንቺንም ትመዝናለች፣ በሳህን አድርጋ ትሰጥሻለች፣ ሠራተኛ ሲጠግብ ይሰንፋል ትላለች። ሺህ ሁለት መቶ። ሁለት ዓመት። ሦስት ፎቅ እየጠረግሽ!

እና አንቺ ያንን ለኔ ላክሽልኝ! ሐኪም ያለው አልነበረም፣ ጥበብም አልነበረም፣ ቅጣትሽን ነው ጠቅልለሽ የላክሽልኝ፣ ከሚዛኑ ጋር! ተናድጄ ሱቁን ዘግቼ ወጣሁ፣ ኦቦ ተሬፋ ከኋላዬ እየጠራኝ፣ እስከ ሁሉቃ ወንዝ ድረስ በእግሬ ሄድኩ፣ ምን ብዬ እንደምሰድብሽ እያሰብኩ። ግድግዳ ያዢ ስትዪኝ አንቺ ግድግዳ ይዘሽ ነበር። በጎንሽ ዞረሽ ተነሺ ስትዪኝ አንቺ እንደዛ ነበር የምትነሺው። እስከ ሃያ ቁጠሪ! እጅሽ የሚንቀጠቀጠው በንዴት አይደለም አዳዳ፣ ለኔ አትንገሪኝ፣ የኔ እጅ ስኳሩ ላይ ሲንቀጠቀጥ አይቼዋለሁ፣ ያው መንቀጥቀጥ ነው። እና ቅቤው ይፈስ ነበር ወይ ብለሽ ስትለምኚኝ፣ እኔ ቅቤ ነበረው ብዬ ጨረስኩት! ያን ሳስብ ራሴን በጥፊ መምታት ያምረኛል። ለምን አልነገርሽኝም? አፍ የለሽም? ሰው እንዴት ርሃቡን ምክር አድርጎ ይልካል?

ሲስተር ዱሬቲ ጋ ሄጄ ነበር። ሰባ አራት ኪሎ ሆንኩ፣ አንድ ጨምሬአለሁ፣ ስኳሬ ግን ዘጠና ስምንት ነው። "በሩ ላይ የለሽም፣ ወደ ራስሽ ግቢ ተመልሰሻል" አለችኝ፣ "ያ አንድ ኪሎ ደግሞ የተመለሰ ሥጋሽ ነው፣ አትፍሪው፣ ትርፉ ቀስ እያለ ይወርዳል።" ጠዋትና ማታ በእግሬ ነው የምሄደው። ጸጉሬም መብቀል ጀምሯል። እግሬን ማየት ትቻለሁ። ይሄን የምነግርሽ እንድትደሰቺ አይደለም፣ እንድትሰሚ ነው። እኔ ያን ቁጥር ሦስት ወር ይዤ ወደቅኩ፣ አንቺ ሁለት ዓመት ይዘሽዋል።

ለአባዬ ነገርኩት። አዎ፣ እንዳታነሺበት ያልሽውን ነገርኩት። ጩምቦ ለመስቀል ሲበላ የተቀመጠበትን ቦታ እያየ "እኔ እኮ ጠግባ ነው ብር የምትልክልን ብዬ ነበር" አለ። በማግስቱ ጓሮ ያለውን ክፍል ግድግዳ በጭቃ ሲለስን ዋለ፣ ያንቺን ክፍል። ውልሽ ነሐሴ ላይ ያልቃል። እንዳታድሺ። ለናንተ ብዬ ነው የምትዪ ከሆነ እኛ ያንቺን ርሃብ አንበላም። ኦቦ ተሬፋ ሁለተኛ ሱቅ ሊከፍት ነው፣ ሰው ይፈልጋል፣ አሥረኛ የጨረስሽ ነሽ፣ ካላመንሽ አርብ ስትደውዪ አባዬን ጠይቂው፣ አሁን ስልኩን ለኔ ቢሰጠኝ እጮህብሻለሁ።

በሶውን ደስታነሽ ይዛለች። የሻይ ብርጭቆ የምታህል ትላለች ደግሞ! ገብሱን ከጎረቤት አምጥቼ ራሴ ቆላሁት፣ አስፈጨሁት፣ ትልቁን የጨርቅ ከረጢት አፉ አልገጥም እስኪል ሞላሁት። ደስታነሽ አየችውና ጮኸች፣

"ይሄ ስንት ኪሎ ነው? ሻንጣዬ ልክ አለው፣ መዝኚልኝ!"

"አልመዝንም።"

"ሚዛኑ እኮ እዚሁ በርበሬው አጠገብ ነው!"

"አልመዝንም አልኩሽ። ከበዛብሽ ጫማሽን ቀንሺ።"

"አንቺ ልጅ ስትከሺ ደግሞ ክፉ ሆነሻል" አለችኝ፣ ግን ጫማዋን ቀነሰች።

እሳት አይፈልግም፣ ፍሪጅ አይፈልግም፣ ትንሽ ጨው አለበት፣ ውሃ ብቻ ጨምሪበት፣ ማዳምሽ ቧንቧውን አትቆልፍም አይደል? በጠዋት ብዪ፣ ደረጃውን ከመውጣትሽ በፊት ብዪ፣ እጅሽ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ቁጭ ብለሽ ብዪ። ከረጢቱንም ገልብጠሽ አትፈልጊ፣ ጀርባው ላይ ምንም የለም።

ነሐሴ ድረስ እንዲቆይሽ ብለሽ እንዳትቆጥቢው። እስክትመጪ ሌላ እልካለሁ።

ልጅሽ፣ ምኞት